በወረርሽኙ ዓመት የጨመረው የናሽቪል የንብረት ግብር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ላነሣላችሁ የፈለግኩት እ.ኤ.አ. በ2020፣ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ወቅት፣ የምኖርባት፣ በአሜሪካ ቴነሲ ስቴት ያለችው የናሽቪል ከተማ የንብረት ግብርን በ34 በመቶ ለመጨመር የወሰነችውን ውሳኔ ነው። በአገራችን ሰዎች መካከል ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የምሰማው «ሰው ሥራ ፈትቶ ባለበት ጊዜ እንዴት ግብር ይጨመራል?» የሚል ቁጣ ነው። ቁጣው ይገባኛል፤ ነገር ግን የተቆጣንበትን ቦታ በትክክል የለየን አይመስለኝም።

የዚያን ዓመት ማርች 3 ከእኩለ ሌሊት በኋላ አውሎ ነፋስ የከተማዋን ሰሜንና ምሥራቅ ሰፈሮች አፈራረሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ከንቲባ ጆን ኩፐር በኮቪድ ምክንያት መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ አዘዙ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ቴነሲ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር ስለማትሰበስብ ከተማዋ በዋናነት የምትተዳደረው በንብረት ግብርና በሽያጭ ታክስ ነው። ያኔ ከአብዛኛው ግዢ ላይ ይቆረጥ ከነበረው 9.25 በመቶ ውስጥ 7ቱ የስቴቱ ሲሆን 2.25ቱ የከተማዋ ነበር። ስለዚህ የብሮድዌይ ጎዳና የሙዚቃ ቤቶች ሲዘጉና ቱሪስቱ ሲቀር፣ ከሁለቱ ዋና ምንጮች አንዱ በአንድ ጊዜ ነጠፈ። ከፌዴራል መንግሥት የመጣው የኬርስ አክት (የኮቪድ ጊዜ የእርዳታ ሕግ) ገንዘብም ለወረርሽኙ ወጪ እንጂ የጎደለን ገቢ ለመሙላት አይፈቀድም ነበር። በጀቱ ከጁላይ 1 በፊት ገቢውና ወጪው ተመጣጥኖ መጽደቅ ስላለበት፣ የቀረው፣ ወረርሽኝ ከቦታው የማያስነሣው ንብረት፣ ቤትና መሬት ብቻ ነበር።

ከተማዋን ወደዚህ ጥግ ያደረሳት ግን ወረርሽኙ ብቻ አይደለም። በ2017 የቤቶች ዋጋ እንደገና ሲገመት የግብሩ ምጣኔ፣ ግብር በሚታሰብበት ዋጋ በየ100 ዶላሩ፣ ወደ 3.155 ዶላር ወርዶ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በከተማዋ ታሪክ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። በየአደባባዩ ክሬን በሚታይበት፣ ሆቴሉ በሚሞላበት በዚያ የደስታ ዘመን ጭማሪ ቢጠየቅ ሰው ያጉረመርም ይሆናል እንጂ አይጎዳም ነበር። በ2018ም በ2019ም ሐሳቡ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀረ፤ ጉድለቱም ደግመው በማይገኙ የአንድ ጊዜ ገቢዎች እየተሸፈነ ቆየ። በ2019 መገባደጃ፣ ገና ኮቪድ ሳይሰማ፣ የስቴቱ ኮምፕትሮለር (የሒሳብ ተቆጣጣሪ) ጀስቲን ዊልሰን የከተማዋን በጀት አስመልክተው ብርቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥተዋል። በእኔ አስተያየት ዋናው ጥፋት የተፈጸመው በእነዚያ የጥጋብ ዓመታት ነው።

ከንቲባው የጠየቁት የ1 ዶላር ጭማሪ ነበር፤ ምክር ቤቱ በጁን 2020 ከዚያ አልፎ ምጣኔውን 4.221 አደረሰው። ይህ በአንድ ቤት ላይ ምን እንደሚሆን እናስላው። 250,000 ዶላር የተገመተ መኖሪያ ቤት ግብር የሚታሰብበት በሩቡ፣ ማለትም በ62,500 ዶላር ላይ ነው። በቀድሞው ምጣኔ 1,972 ዶላር ገደማ ይከፍል የነበረ ሰው በአዲሱ 2,638 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ልዩነቱ 666 ዶላር አካባቢ ነው። ሥራው ላልተነካበት ሰው ይህ የሚቻል ነው። ከኤርፖርት ተሳፋሪ እያመላለሰ ለሚኖር፣ በዚያ ጸደይ ኤርፖርቱ ጭር ላለበት ወንድማችን ግን ግብሩ የሚለካው በቤቱ እንጂ በኪሱ ስላልሆነ ገቢው መቆሙን የሚጠይቀው የለም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ተከራዩ ነው። በቴነሲ ሕግ ሁለትና ከዚያ በላይ የሚከራዩ ቤቶች ያሉት ሕንፃ እንደ ንግድ ንብረት ስለሚቆጠር፣ ግብሩ የሚታሰበው በዋጋው ሩብ ሳይሆን በ40 በመቶው ላይ ነው። በአፓርታማ የሚኖረው ሰው ደረሰኙን በዓይኑ አያየውም፤ ውሉን ሲያድስ ግን ኪራዩ ላይ ተጨምሮ ሊያገኘው ይችላል። የምግብ ቤት ባለቤቶቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሙት ውል የሕንፃውን ግብር ድርሻ በቀጥታ በተከራዩ ላይ የሚጥል ነው። በትእዛዝ የተዘጋ ምግብ ቤት፣ ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጠ፣ የጨመረውን ግብር በባለንብረቱ ፋንታ ይከፍላል ማለት ነው።

ውሳኔውን በሕዝብ ድምፅ ለመሻር ፊርማ ተሰብስቦ ነበር፤ ፍርድ ቤት አገደው። ጭማሪው ቢሻር ኖሮ የመምህራንና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ የጠየቅኳቸው የፊርማው ደጋፊዎች አጥጋቢ መልስ አልሰጡኝም። እኔ ብሆን ኖሮ የምታገለው ለአከፋፈሉ ነበር። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ለጦር ጉዳተኞች፣ የግብር እፎይታ አለ፤ በወረርሽኙ ሥራውን ያጣ የአርባ ዓመት አባወራ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሒሳቡ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ካልተከፈለ ከማርች 1 ጀምሮ በየወሩ 1.5 በመቶ ወለድ ይታሰብበታል፤ ይህንንም የደነገገው የስቴቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው የክፍያ ጊዜ ይራዘምለት የሚል አቤቱታ መቅረብ የነበረበት ምጣኔውን ለጨመረው ለከተማው ምክር ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ በኮረብታው ላይ ለተቀመጠው ለስቴቱ ሕግ አውጪም ጭምር ነበር።