ከመሳላችሁ በፊት ሰከንዱን ቁጠሩ

እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የመጀመሪያ አጭር አኒሜሽናችሁን ልትጀምሩ ነው። እዚህ ቆሜ እንዳናግራችሁ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በራሴ ታሪክ ልጀምር። የመጀመሪያ ፊልሜ የሦስት ደቂቃ ታሪክ ነበረው። አንዲት ልጅ ኳሷ ጣሪያ ላይ ይቀርባታል፤ ለማውረድ ያልሞከረችው ነገር የለም። ታሪኩን በጣም ስለወደድኩት በዚያው ቀን መሳል ጀመርኩ። ልጅቷ በር ከፍታ ስትወጣ የሚያሳየው ትዕይንት ብቻ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጸጉሯ ይወዛወዛል፣ ቀሚሷ ከእርምጃዋ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። ቆንጆ ነበር። በኋላ ከሌሎቹ ትዕይንቶች ጋር ሳያይዘው ግን ታሪኩ ያን በር ጨርሶ እንደማይፈልገው ገባኝ። ልጅቷ መጀመሪያውኑ ውጭ ብትሆን ይበቃ ነበር። ስድስት ሳምንት የለፋሁበትን ቆርጬ ጣልኩት። ያን ቀን አልቅሻለሁ።

እናንተ ላይ ይህ እንዳይደርስ ነው የመጣሁት።

እስቲ እንቁጠር። በፊልም አንድ ሰከንድ ማለት 24 ፍሬም፣ ማለትም ተከታትለው የሚታዩ 24 ነጠላ ምስሎች ነው። በእጅ በሚሳል አኒሜሽን ብዙውን ጊዜ አንድ ስዕል ለሁለት ፍሬም ይቆያል። ስለዚህ ለአንድ ሰከንድ 12 ስዕል ያስፈልጋል። 30 ሰከንድ 360 ስዕል ሆነ ማለት ነው። የእኔ ሦስት ደቂቃ ደግሞ 2,160 ነበር። በቀን አሥር ብትስሉ፣ አንድም ቀን ሳታርፉ፣ 216 ቀን ይፈጃል። ይህ እንግዲህ አንድ ገጸ ባህሪ ብቻ ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል ሁለት ደቂቃ ለማይሞላ ፊልም ወደ 700 የሚጠጉ ስዕሎች ሠርቷል፤ እያንዳንዱንም በካሜራ ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነሳው። ዛሬ ኮምፒውተር ብዙ ነገር አቅልሎልናል። እንቅስቃሴውን ማሰብ ግን አሁንም የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ታሪካችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። አልሆን ካለ ታሪኩ ገና አልበሰለም። ቀጥሎ ስቶሪቦርድ ነው። ትንንሽ ወረቀት ቆራርጡና በእያንዳንዱ ላይ አንድ ትዕይንት ሞነጫጭሩ። አስቀያሚ ይሁን፣ ግድ የለም። እንዲያውም አስቀያሚ ስዕል ለመጣል አያሳሳም። ከዚያ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ ራቅ ብላችሁ እዩት፣ ቦታ አቀያይሩት። ይህ አሠራር የዳበረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በዲዝኒ ስቱዲዮ ነው፤ እስከዛሬ የተሻለ ነገር አላየሁም።

አሁን አደራ የምላችሁ ነገር ላይ ደረስን፤ አኒማቲክ፣ ማለትም ከስቶሪቦርዱ የሚሠራ የሙከራ ቪዲዮ። ወረቀቶቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ንግግር ካለ በስልካችሁ ቅዱ። ሁለቱንም ቪዲዮ መቁረጫ ውስጥ አስገቡና ለእያንዳንዱ ስዕል የሚገባውን ሰከንድ ስጡት። አለቀ። ፊልማችሁን ገና ሳትሠሩት ልታዩት ነው! ከዚያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። እባካችሁ አፋችሁን ያዙ፤ "እዚህ ጋር ምን መሰለህ..." እያላችሁ አታብራሩ። ስክሪኑን ትታችሁ ፊቱን ተመልከቱ። ግራ የተጋባው የት ጋ ነው? ስልኩን መነካካት የጀመረው የት ጋ ነው? እዚያ ጋ ቁረጡ። አኒማቲክ ላይ ሦስት ሰከንድ መቁረጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያቺው ሦስት ሰከንድ ተስላ ካለቀች 36 ስዕል ናት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሁላችሁም ከወንበራችሁ ተነሱ። ቀስ ብላችሁ። መልሳችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ምናችሁ ተንቀሳቀሰ? እግራችሁ አይደለም። ጭንቅላታችሁና ደረታችሁ ወደፊት አዘነበሉ። እግራችሁ ወደኋላ ትንሽ ተሳበ፣ አንዳንዶቻችሁ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ አደረጋችሁ። ክብደታችሁ ወደ እግራችሁ ከዞረ በኋላ ነው መቀመጫችሁ ከወንበሩ የተነሳው። የተቀመጠ ሰውና የቆመ ሰው ብቻ ስላችሁ መሃሉን እኩል ብትሞሉት፣ ሰውዬው በገመድ የተጎተተ ይመስላል። ያቺ ወደፊት ማዘንበል ናት ሕይወት የምትሰጠው። እኔ እስከዛሬ ከመሳሌ በፊት እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እሮጣለሁ፤ ራሴን በስልክ ቀርጬ እየመላለስኩ አያለሁ።

ስትስሉ በቁልፎቹ አቋሞች ጀምሩ፤ ተቀምጦ፣ አዘንብሎ፣ ቆሞ። የመሃሎቹ በኋላ ይመጣሉ። ስዕሎቹ ሲቀራረቡ እንቅስቃሴው ይዘገያል፣ ሲራራቁ ይፈጥናል። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ስዕሎቹ ተጠጋግተው የሚሳሉት ለዚህ ነው።

ሶፍትዌርን በተመለከተ ብዙ አልልም። ክሪታ፣ ኦፕንቱንዝ፣ ብሌንደር ሁሉም በነፃ ይገኛሉ፤ አንዱን መርጣችሁ እሱን ልመዱ። ሥራችሁን ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ለመጀመሪያ ፊልማችሁ አሥር ሰከንድ ይበቃል። አንድ ገጸ ባህሪ፣ አንድ ቦታ፣ 120 ስዕል። አጭር ነው ብላችሁ አትናቁት፤ አንድ ሰው ፈልጎ፣ አጥቶ፣ ሊያገኝ ይችላል በአሥር ሰከንድ። በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ ያማረ ስዕል ይዛችሁ እንድትመጡ አልፈልግም። በስልክ የተነሱ የተሞነጫጨሩ ወረቀቶችና የራሳችሁን ድምፅ ይዛችሁ ኑ። መብራቱን አጥፍተን አንድ በአንድ አብረን እናያቸዋለን።