ባር ባር ይለኛል

እ... እሺ። ዛሬ የቤት ኪራዩን ጉዳይ እጨርሰዋለሁ ብያችሁ ነበር። አልሆነልኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። እሱን ሳላወራ ሌላ ወሬ አልመጣ አለኝ።

የእማዬ ድምፅ ነው። ቴሌግራም ላይ ስትቀዳ ታውቋታላችሁ። «ሀሎ? ሀሎ? ሀሎ?» ትልና ዝም ብላ መልስ ትጠብቃለች። ከዚያ ነው የምትቀጥለው። ይሄኛው 4 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም።

እዚያ ደሴ መድኃኒት ተቀየረላት። እኔ ደግሞ ልቤ አላረፈም። በጓደኛዬ በኩል እዚህ አሜሪካ ያለ የልብ ሐኪም አገኘሁ። «በጽሑፍ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ» አለኝ። ደግ ሰው ነው። እማዬን «የሚሰማሽን ሁሉ ቅጅልኝ፣ ምንም አታስቀሪ» አልኳት። ምንም አላስቀረችም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ቆይ፣ እዚያ ከመድረሴ በፊት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የማነባቸውን ደብዳቤዎች ታስታውሳላችሁ አይደል? የስኮትላንዱን፣ የኤድንብራውን ሐኪም፣ የዊሊያም ከለንን። በፈረንጆቹ በ1710 ተወልዶ በ1790 የሞተው። ከ5 ሺህ በላይ ደብዳቤ ነው የተረፈው። ኤድንብራ በሐኪሞች ኮሌጅ ተቀምጦ ኖሮ አሁን ኢንተርኔት ላይ ማንም ሰው ያነበዋል። በሽተኛው አንድ ቦታ ነው፣ ከለን ሌላ ቦታ። ብዙዎቹን በዓይኑ እንኳ አላያቸውም። ይጽፉለታል፣ ይመልሳል። ይሄን አድርግ፣ ይሄን ብላ፣ ይሄን ተው፣ ፈረስ ጋልብ፣ በጊዜ ተኛ።

ደግሞ የሱ መልስ እንዴት እንደተረፈ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ላይ ጸሐፊ ነበር በእጁ የሚገለብጥለት። በኋላ ጄምስ ዋት፣ አዎ ራሱ የእንፋሎት ሞተሩ ዋት፣ የደብዳቤ መገልበጫ መሣሪያ ሠራ። ከለን ከ1781 ጀምሮ በሱ ተጠቀመ። ደብዳቤው በልዩ ቀለም ይጻፋል። ላዩ ላይ እርጥብ ስስ ወረቀት ይደረግና ይጫኑታል። ቀለሙ ወደ ስሱ ወረቀት ያልፋል። ፊደሉ ግን ተገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ወረቀቱን አዙረህ ከጀርባው ታነባለህ። ይሄን ነገር በጣም ነው የምወደው። ሰው ለሰው የሰጠው ምክር ከጀርባው ሲነበብ።

ምን ልል ነበር? አዎ። በደብዳቤ መታከም ዛሬ ሲሰሙት ጨካኝ ነገር ይመስላል። ሳያይህ እንዴት ያክምሃል? ግን የዚያን ጊዜ ሐኪም አጠገብህም ቢቀመጥ ብዙ የሚያደርገው ምርመራ አልነበረም። የልብ ትርታ ይዳብሳል፣ ምላስ ያያል፣ ሽንት ያያል። ከዚያ በላይ ያንተን ወሬ ነው የሚሰማው። የደረት ማዳመጫ እንኳ የለም። ላኔክ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የሠራው በ1816 ነው። በ1761 አውንብሩገር የሚባል የቪየና ሐኪም ደረትን በጣት መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ማዳመጥ ይቻላል ብሎ ጻፈ። ለረጅም ጊዜ ሰሚ አላገኘም። ስለዚህ ምርመራው ራሱ ወሬው ነበር። ሰውዬው ስለራሱ የሚለው። ወሬ ከሆነ ደግሞ በወረቀት ይሄዳል።

በዚያው በ1761 ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ ቲሶ የሚባል ሐኪም ለተራው ሕዝብ የጤና ምክር መጽሐፍ አሳተመ። በየቋንቋው ተተረጎመ። ውስጡ ሐኪም ለማማከር የሚሄድ ሰው መመለስ ያለበት የጥያቄ ዝርዝር አለ። ዕድሜው ስንት ነው? ከዚህ በፊት ጤነኛ ነበር? አኗኗሩ እንዴት ነው? ከታመመ ስንት ጊዜው ነው? እንዴት ጀመረው? ትኩሳት አለው? ይጠማዋል? አፉን ይመረዋል? ይተኛል? ረጋ ብሏል ወይስ ይቅበጠበጣል? ለቲሶ ከተጻፉለት ውስጥ ከ1 ሺህ በላይ ደብዳቤና ማስታወሻ ሎዛን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ።

ይቅበጠበጣል ወይ? ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት።

እሺ። ማክሰኞ ነው። ሥራ ልገባ 20 ደቂቃ ቀርቶኛል። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሞተር አጥፍቼ ቁጭ ብያለሁ። የእማዬን ድምፅ በአንድ ጆሮዬ እየሰማሁ በስልኬ እጽፋለሁ። «ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል» ትላለች። ጻፍኩ። «እግሬ ወደ ማታ ያብጣል፣ ጫማዬ አልገባ ይለኛል።» ጻፍኩ። «አንዳንዴ ልቤን ስልብ ያደርገኛል።» እዚህ ላይ ቆምኩ። ስልብ ያደርገኛል በእንግሊዝኛ ምንድን ነው? ማዞር አይደለም። ራስ መሳትም አይደለም። ማዞር ብዬ ጻፍኩ። «አዲሱ ክኒን አፌን ያደርቀዋል።» ጻፍኩ።

ከዚያ ትንሽ ዝም ትላለች። ሲኒ የማስቀመጥ ድምፅ አለ። ከዚያ፦ «ደግሞ ወደ ማታ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ ባር ባር ይለኛል።»

ጣቴ ስልኩ ላይ ነበር። አስታውሳለሁ። ባር ባር ይለኛል። ለሁለት ሦስት ሰከንድ አሰብኩ። ይሄ ምልክት አይደለም አልኩ። ሐኪም ነው፣ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፣ በነፃ ነው የሚያይልኝ። ዘለልኩት። ላክሁት።

ዶክተሩ ወዲያው መለሰ። «አመሰግናለሁ፣ ግልጽ ነው። ሌላ የምትለው ነገር አለ?»

«የለም፣ ይኸው ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ይኸው ነው። ራሱ ጠየቀኝ እኮ። በሩን ከፈተልኝ። የለም አልኩ።

ደግሞ... ይሄን ለማንም አልነገርኩም። ዶክተሩ ሀበሻ ነው። ጎንደር ነው ያደገው። በእንግሊዝኛ የጻፍኩለት በልማድ ነው፣ ሐኪም ስለሆነ ብቻ። ባር ባር ይላታል ብዬ እንዲሁ በአማርኛ ብጽፍለት ምንም ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር። እናቱም ትለው ይሆናል።

የከለንን ደብዳቤዎች ሳነብ በጣም የማዝንላቸው ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹን ደብዳቤዎች በሽተኛው ራሱ አይደለም የጻፋቸው። ባል ስለ ሚስቱ ይጽፋል። አባት ስለ ልጁ። የሰፈሩ ሐኪም፣ ቄሱ፣ ወዳጅ። አንዳንዷን ሴት በባሏ ብዕር ብቻ ነው የምታውቃት። እንቅልፏን እሱ ይነግርሃል፣ የወር አበባዋን እሱ፣ ለቅሶዋንም እሱ። ይሄኔ እሷ ያለችው ሌላ ነው እያልኩ እናደድ ነበር። ምን አስቀርቶባት ይሆን እል ነበር። እኔ ያቺን ሴት ነበርኩ በሐሳቤ። ባልየው ነኝ ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም።

ግን ባልየውም ወዶ አይደለም እኮ። ይሄን ማለት እፈልጋለሁ። አብዛኛው ፈርቶ ነው የሚጽፈው። ሌሊት ተነስቶ። ያን ጊዜ ደግሞ የፖስታውን ዋጋ እንደ ደንቡ ከፋዩ ተቀባዩ ነበር፤ በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት ነው የሚታሰበው። እስከ 1840 እንዲያ ነበር እንግሊዝ አገር። ስለዚህ ማሳጠር ጨዋነት ነው። እኔም ላሳጥርለት ብዬ ነው። ጨዋነት መስሎኝ ነው... ይመስለኛል።

አላውቅም። ፈርቼም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ባር ባር ይለኛል ብዬ ከጻፍኩ ቀጣዩ ጥያቄ ከማን ጋር ነው የምትኖረው ነው። መልሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አንድ ሌላ ሰው ትዝ አለኝ። ሳሙኤል ጆንሰን። እንግሊዛዊው ጸሐፊ፣ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በ1755 ያሳተመው። ሰኔ 17 ቀን 1783፣ በፈረንጆቹ፣ ሌሊት ስትሮክ መታው። ለንደን። ራሱ ውስጥ የሆነ መደበላለቅ ተሰማው። ሰውነቴን እንደፈለግህ፣ አእምሮዬን ግን ተውልኝ ብሎ ጸለየ። አእምሮው መኖሩን ለመፈተን ጸሎቱን በላቲን ግጥም አድርጎ ነው የጸለየው። ግጥሙ ጥሩ አልነበረም፣ ጥሩ አለመሆኑን ግን አውቄ ነበር ይላል። ከዚያ መናገር አቃተው። ዕድሜ ልኩን በንግግር የኖረ ሰው። ብዕር አነሳ። ለጎረቤቱ ለአለን፣ ለአታሚው፣ ጻፈ። እግዚአብሔር ዛሬ ጠዋት ንግግሬን ወሰደብኝ፣ ናና በኔ ፈንታ የሚደረገውን አድርግልኝ የሚል ነው። ሲጽፍ እጁ የተሳሳተ ፊደል እየሠራ አስቸገረው፣ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም ይላል።

በኔ ፈንታ። ይሄ ቃል። እማዬም እሱን ነው ያለችኝ።

ንግግሩ ተመለሰለት። ከዚያ በኋላ ግን አስምና የሰውነት እብጠት ያዘው። ወዳጁ ቦዝዌል ኤድንብራ ሆኖ፣ በ1784 መጋቢት ላይ፣ ለከተማው ታላላቅ ሐኪሞች ስለሱ ጻፈላቸው። አንዱ ከለን ነው። ከለንም መለሰ። ወዳጅ ስለ ወዳጁ ጽፎ፣ ሐኪሙ ከፊቱ የሌለውን ሰው መክሮ። ጆንሰን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 13 ቀን ሞተ። ደብዳቤው አላዳነውም። ግን ብቻውን አልነበረም ልል ነው መሰል... እንጃ። እሱም አያጽናናኝም ዛሬ።

ጎንደር ስል የመጣብኝ ደግሞ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ ነው። ያም ስኮትላንዳዊ ነው፣ የዚያው ዘመን ሰው። በ1770 ጎንደር ሲገባ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት፣ ቁስቋም፣ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ሐኪም አልነበረም ብሩስ። ግን ገባ። በርና መስኮቱን አስከፈተ፣ ዕጣንና ከርቤ አስጨሰ፣ በሆምጣጤ አሳጠበ። የታመሙት ልጆች አጠገብ ዋለ። እሱ ቢያንስ ክፍሉ ውስጥ ነበር። መስኮት ከፈተ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ የእማዬን መስኮት ማን ይከፍትልኛል? የጎረቤት ልጅ ናት የምትከፍትላት። እሷን እግዜር ይስጣት።

የዶክተሩ ምክር ጥሩ ነበር፣ ልንገራችሁ። ጨው ቀንሺ አለ፣ የክኒኑን ሰዓት አዛወረ፣ አንድ ምርመራ እንድታደርግ ነገራት፣ አደረገች። እብጠቱ ቀንሷል። ትንፋሿም ይሻላል። ተመስገን ነው። የጻፍኩት ሁሉ መልስ አገኘ። የጻፍኩት ሁሉ።

ማታውኑ ደወለች። «ያልኩሽን ሁሉ ነገርሽው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ ሁሉንም።»

«ምን አለ?»

ጨው አልኳት። ክኒኑን በጠዋት አልኳት። ዝም አለች። «ሌላስ?» አለች። ሌላ የለም አልኳት። «እሺ ልጄ፣ ይሁን፣ የኔ ዓለም» ብላ ስለ እህል ዋጋ ማውራት ጀመረች።

ያቺን «ሌላስ» የሰማኋት አሁን ነው። ያን ዕለት አልሰማኋትም።

ታዲያ ለምን አሁን አትጽፊለትም ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ጀምሬያለሁ። ምን ብዬ? ዶክተር፣ ባለፈው የረሳሁት ነገር አለ? አልረሳሁትም እኮ። ደግሞ መድኃኒቱ የሚሰጠው ነገር ካልሆነስ? መድኃኒቱ እኔ ከሆንኩስ? ያኔ ምን አደርጋለሁ፣ ፈቃድ የለኝ፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ነገር እንዳለ ነው... ተዉት። እሱን ሌላ ቀን።

ትናንት ማታ ደግሞ እንደገና ከፈትኩት። ከመጀመሪያው። «ሀሎ? ሀሎ? ሀሎ?» ትንፋሽ። ደረጃው። እግሩ። ክኒኑ። ሲኒው። ባር ባር ይለኛል። እዚያ ላይ ነው ሁልጊዜ የማቆመው፤ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ግን እጄ ሥራ ላይ ስለነበር አላጠፋሁትም። ቀጠለ። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ከስልኩ ትንሽ ራቅ ብላ፣ «ይሄም ለሐኪም ይነገራል እንዴ?» ትላለች።

ከዚያ ትጠብቃለች። እንደ ሀሎው። ስድስት ሰባት ሰከንድ ይሆናል። የመንገድ ድምፅ አለ፣ ባጃጅ ነገር ያልፋል።

ከዚያ ይቆማል።

እና... እኔ እስካሁን...