ኢንተርንሺፕ ያልወጣ አካውንታንት ማን ይቀጥረዋል?

ደሴ ላይ ለአካውንቲንግ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር

አሰላሙ አለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ።

ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ወላጆች፣ እናንተም እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። በመካከላችን ነጋዴዎችና የድርጅት ኃላፊዎችም አላችሁ። ለእናንተም የምለው ስላለኝ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ሰሞኑን ከተመራቂ ልጆች ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር ነው፤ "ኢንተርንሺፕ አልወጣሁም፣ ማን ይቀጥረኛል?" ኢንተርንሺፕ ማለት ተማሪ ሳይመረቅ ድርጅት ገብቶ የሚሠራው የተግባር ልምምድ ነው። ጭንቀቱ ይገባኛል። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ "ጁኒየር አካውንታንት፣ የሥራ ልምድ 2 ዓመት" ተብሎ ይለጠፋል። ጀማሪ እየፈለጉ የሁለት ዓመት ልምድ መጠየቅ ለእኔም አይዋጥልኝም። "ዜሮ ዓመት" የሚል ሲወጣ ደግሞ ተመዝጋቢው ብዙ ነው። ኢንተርንሺፕ ያልወጣችሁት ሁሉ ሰንፋችሁ አይደለም። ጦርነቱ በ2014 እዚህ ሲደርስ ደሴም ኮምቦልቻም ላይ ብዙ ድርጅትና ፋብሪካ ተዘርፏል፤ ዩኒቨርሲቲያችንም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ተማሪ የሚቀበል ቦታ ማግኘት ቀላል አልሆነም።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለቃለ መጠይቅ የሚመጣውን ልጅ የማነጋግረው እኔ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ የኢንተርንሺፕ ወረቀት አይቼ የቀጠርኩት ሰው የለም። የምቀጥረው ወረቀት ሲሰጡት ሠርቶ የሚመልሰውን ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ ሁሌም ደመወዝ ነው። "የሠራተኛው ደመወዝ 12,000 ብር ነው፤ አበል የለውም። እጁ ላይ የሚገባው ስንት ነው?" እላለሁ። ካልኩሌተር እሰጣለሁ። ብዙው ልጅ ግብሩ 2,700 ብር ነው ይለኛል። ያ የድሮው ሰሌዳ ነው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። አሁን እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም። 12,000 ብር 30 በመቶው እርከን ላይ ያርፋል። 3,600 ይመጣል፤ ለእርከኑ የተቀመጠው ተቀናሽ 1,350 ሲነሳለት ግብሩ 2,250 ይሆናል። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ ነው፤ 840 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 8,910 ብር ነው ማለት ነው። እዚህ የደረሰ ልጅ ጎበዝ ነው። ሳልጠይቀው "ድርጅቱም ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ጡረታ ይጨምራል፤ ግብሩ ደግሞ ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት" ካለኝ ግን ሌላ ጥያቄ አላበዛበትም።

ሁለተኛው ቫት፣ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። "ቫትን ጨምሮ 23,000 ብር የሚል ደረሰኝ መጣልህ፤ ቫቱን ለይልኝ።" ቸኩሎ 23,000ን በ15 በመቶ ያባዛ 3,450 ያገኛል፤ ስህተት ነው። ለ1.15 ሲካፈል ዋጋው 20,000፣ ቫቱ 3,000 ነው። ይህ ስህተት በየደረሰኙ ከተደጋገመ ኦዲተር ሲመጣ ቅጣቱ የድርጅቱ ነው፤ ወቀሳው ግን የአካውንታንቱ።

እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ኢንተርንሺፕ ይጠይቃሉ? አይጠይቁም። አዲሱን አዋጅ ማንበብና ኤክሴል ከፍቶ ሠርቶ ማየት ይበቃቸዋል።

ሦስተኛው ግን እጅን በወረቀት ማሟሸት ይፈልጋል። የባንክ ማስታረቅ ማለቴ ነው፤ የባንኩን ስቴትመንት ከድርጅቱ ደብተር ጋር ማመሳከር። ይህንን የት ትለማመዱታላችሁ? እዚሁ ከተማችሁ ውስጥ። ፒያሳ፣ ሸዋ በር፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ማን አለ? ሂዱና "ጋሼ፣ የአንድ ወር ሂሳብዎን በነፃ ልሥራልዎት" በሉ። መጀመሪያ ላይ አያምኗችሁ ይሆናል፤ ገንዘብ ነዋ። በእናት ወይም በአባት በኩል ሄዳችሁ አስነግሩ። ከዚያ የወሩን የሽያጭ ደረሰኝ፣ የካሽ ሪጅስተሩን ዜድ ሪፖርት ማለትም የየቀኑን የሽያጭ ድምር፣ የግዢ ደረሰኝና የባንክ ስቴትመንት አንድ ላይ አስቀምጡ። ባንኩ የሚለውና ደብተሩ የሚለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ያልተመነዘረ ቼክ አለ። ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ አለ። በሞባይል የገባ ገንዘብ ማን እንዳስገባው አይታወቅም። ባለሱቁ ለቤት ወጪ አውጥቶ ያልጻፈው አለ። አንድ በአንድ እያሳደዳችሁ ልዩነቱን ዜሮ ስታደርጉ፣ ያን ቀን አካውንታንት ሆናችኋል።

ሱቅ ካልተገኘ ቅሬ አለ፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። የሰፈራችሁ ቅሬ ገንዘብ ያዥ አለው፤ ደብተር አለው፤ በየወሩ መዋጮ ይሰበሰባል፤ ድንኳንና ሳህን ይገዛል። "መዝገቡን እኔ በኤክሴል ላደራጅላችሁ" ብትሉ የቅሬው ሽማግሌዎች ይመርቋችኋል እንጂ አይከለክሏችሁም። መዋጮ ያልከፈለ ማነው፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ምን ንብረት አለ የሚል የዓመት ሪፖርት አዘጋጁ። ያን ሪፖርት ለቃለ መጠይቅ ይዛችሁ ኑ። የሰዎቹን ስም ግን አጥፉት፤ የሰው ሂሳብ ምስጢር ነው። ምስጢር መጠበቃችሁን ማየት ለእኔ ከሪፖርቱ እኩል ነው።

ጊዜውንም አትርሱ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሂሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለባቸው የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለባቸው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሂሳብ ሥራ የሚሠሩ ቢሮዎች ወረቀት ተከምሮባቸው የሚያመሹበት ወቅት ነው። እናንተ ተመርቃችሁ ቤት የምትቀመጡትም በዚሁ ወቅት ነው። ሲቪ በኢሜይል ልካችሁ አትጠብቁ። በር አንኳኩ፤ "ደረሰኝ መለየት፣ ፋይል ማስያዝ፣ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ማስገባት እችላለሁ፤ ለእነዚህ ወራት ብቻ" በሉ። ያ ጊዜ ላይ አንድ ተጨማሪ እጅ ያልፈለገ ቢሮ አላየሁም።

ካሸርነት ወይም የስቶር ሥራ ከተገኘም ግቡበት። "ዲግሪ ይዤ ካሸር?" የሚል ልጅ አጋጥሞኛል። ካሽና ስቶክ የሂሳብ ሥራ መነሻ ናቸው። ከካሸርነት ተነስተው ዛሬ ሲኒየር የሆኑ ሰዎች ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት በየቀኑ ወርደው ከእኔ ጋር ይሠራሉ። ዋስ ግን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ገንዘብ ነክ ሥራ ላይ ዋስ ይጠየቃል፤ ፈተና አልፎ ዋስ በማጣት የቀረ ልጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ወላጆች፣ እዚህ ላይ ከአሁኑ አግዟቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የሐሰት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሚሸጡ አሉ። እንዳትነኩት። ብዙ ቀጣሪ ከግል ድርጅት የመጣን ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ያጣራል፤ ቶሎ ይታወቃል። ባይታወቅ እንኳ፣ ገንዘብ የሚታመንበት ሰው ሥራውን በሐሰት ወረቀት መጀመሩ እኔን ያመኛል። ባዶ ሲቪ ይዛችሁ ኑ፤ አላፍርባችሁም።

አሁን ወደ ቀጣሪዎች ልመለስ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሰጥቷችኋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አንድ ልጅ ደመወዝና ቫት መሥራት ይችል አይችል በደንብ ይታያል። ታዲያ ለጀማሪ ቦታ "2 ዓመት" መጻፉ ለምን አስፈለገ? በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ "ዜሮ ዓመት፣ ፈተና የሚያልፍ" ብላችሁ ጻፉልን። ፈተናውን አውጡልን ካላችሁኝ እኔ በነፃ አወጣለሁ።

ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት፤ የዘመድ ሱቅም የሰፈር ቅሬም የማይመቻችሁ ካላችሁ ስማችሁን በሩ ላይ ባለው መዝገብ ጻፉ። እዚህ ካሉት ነጋዴዎች መካከል የአንድ ወር ደረሰኛቸውን ለልምምድ ለመስጠት የፈቀዱ አሉ፤ ዛሬውኑ እናገናኛችኋለን።

አመሰግናለሁ።