ጥያቄው ጅማ ላይ ይነሣ

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች፣ ከጎማና ከማና የመጣችሁ ገበሬዎች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ? አካም ጅርቱ?

የተጠራሁት ስለ ውጭ ኩባንያዎችና ስለ ምርምር እንድናገር ነው። እኔ ግን ከቡና ልጀምር። ጅማ ላይ ቆሞ ከሌላ ነገር መጀመር ይከብዳል።

ከዓመታት በፊት የአንድ የውጭ ኩባንያ ቅርንጫፍ ውስጥ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራችን ከለር ሶርተር መትከልና መጠገን ነው። ከለር ሶርተር የቡናን ፍሬ በካሜራ እያየ የተበላሸውን በአየር ግፊት ተፍ አድርጎ የሚያስወጣ ማሽን ነው። አንዱን ማሽን አንድ ቡና ማበጠሪያ ቤት ተከልነው። ሴቲንጉ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተሞልቶ ነው የመጣው። አስነሣነው። ወዲያው ደህናውን ቡና ከመጥፎው ጋር ይጥለው ጀመር። በጆንያ በጆንያ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ማሽኑ የተስተካከለው ለታጠበ ቡና ነበር። እኛ ያስገባነው ደግሞ ደረቅ ቡና ነው፤ ጀንፈል ሆኖ ፀሐይ ላይ ከርሞ የተፈለፈለ። ቀለሙ ወደ ቢጫ፣ ወደ ቡናማ ያደላል። ለማሽኑ ይህ ሁሉ ብልሽት ነው።

እዚያ ቤት በእጅ ቡና የሚለቅሙ አንዲት እናት ነበሩ። አጠገቤ መጥተው ትንሽ አዩኝ። “ልጄ፣ ማሽንህ ቡና አያውቅም እኮ” አሉኝ። ከዚያ አንድ እፍኝ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ በተኑ። በጣታቸው እየለዩ፣ “ይኼ ፀሐይ ያቀላው ነው፣ ጤነኛ ነው። ይኼኛው ግን ከውስጥ ሸትቷል። ሆዱን እየው” አሉኝ። ሆዱ ያሉት ፍሬው መሐል ያለውን ስንጥቅ ነው። የጤነኛው ስንጥቅ ወርቃማ ነው። የሸተተው ጥቁር ነው። ሌላው ገላው ግን ቁርጥ አንድ ዓይነት ነው።

ሦስት ሌሊት አብረን ሠራን። እሳቸው ይለያሉ፣ እኔ ቁጥር እቀይራለሁ። በሦስተኛው ሌሊት ማሽኑ ደረቅ ቡና ለመደ።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ኢሜይል ግን አንድ መስመር ነበር፤ ሴቲንጉን ለመቀየር ማን ፈቀደልህ የሚል። በዓመቱ አዲስ ሶፍትዌር ተላከልን። ውስጡ “ደረቅ ቡና” የሚል ምርጫ አለ። ከፍቼ አየሁት። ከሰርቪስ ሪፖርቱ ጋር በላክሁት ባክአፕ ውስጥ የነበሩት የእኔ ቁጥሮች ናቸው። የእኔም የእሳቸውም ስም የትም የለም።

አላዘንኩም ብል ውሸት ነው። ግን ብዙ ቆይቼ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ምን እንዳደረግን፣ ለምን እንዳደረግን አንድ ገጽ እንኳ ጽፌ አልላክሁም። በወረቀት ላይ ምርምር የሚባለው እነሱ ዘንድ ያለው ነው። እኛ ዘንድ የተሠራው ጥገና ተባለ። በእርግጥ የሠራነው ግን ምርምር ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያ እዚህ ቅርንጫፍ ሲከፍት ስንት ሰው ይቀጥራል ብለን እንጠይቃለን። ልክ ነው፣ እንጀራ ነው። ግን ሌላም እንጠይቅ። የትኛው ጥያቄ እዚህ ይመረመራል? የትኛው ነገር እዚህ ይፈጠራል?

ቅርንጫፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ የመጣለትን ይሸጣል ወይም ይገጣጥማል፣ በቃ። አንዳንዱ የመጣውን ለአገሩ አፈር፣ ለአገሩ መብራት፣ ለአገሩ ኪስ ያስተካክላል። ጥቂቱ ከዚህ አልፎ እናት ኩባንያው ያላሰበውን ነገር ይሠራና እናት ኩባንያው ራሱ ከእሱ ይማራል።

ሕንድን እንይ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ባንጋሎር ላይ የዲዛይን ማዕከል ከፈተ። ያኔ ይህን ያደረገ የውጭ ኩባንያ ብርቅ ነበር። ለምን ባንጋሎር? ከተማዋ ከ1909 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቅ የሳይንስ ተቋም ነበራት። መሐንዲሶቹ ከኩባንያው ቀድመው እዚያው ነበሩ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እዚያው የምርምር ማዕከሉን ከፈተ። የሕንድ መሐንዲሶቹ ለገጠር ሐኪም የሚሆን የልብ ምርመራ መሣሪያ ሠሩ። ቀድሞ የነበረው ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ መብራት ይፈልጋል። እነሱ የሠሩት በባትሪ ይሠራል፣ በቦርሳ ይያዛል። ማተሚያውን ከየት አመጡት መሰላችሁ? የአውቶቡስ ቲኬት ከሚያትመው ትንሽ ማሽን ነው ሐሳቡን የወሰዱት። አቧራውንም ሙቀቱንም ይችለዋላ! በጣም ርካሽ ሆነ። ኋላ ላይ የዚያው ዓይነት መሣሪያዎች ሀብታም አገሮችም ገቡ። አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ የማያውቅ መሐንዲስ ይህን አያስበውም። እኔ በዚህ ታሪክ ሁሌ ልቤ ይነካል።

ወደ ጎረቤት እንምጣ። ኤም-ፔሳን አሁን እኛም እናውቀዋለን፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እዚህ ሥራ ጀምሯል። ሐሳቡ የተጸነሰው እንግሊዝ አገር፣ የስልክ ኩባንያው ቮዳፎን ቤት ነው። የታሰበውም ሰዎች አነስተኛ ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ኬንያ ላይ ሲሞከር ግን ሰዉ ሌላ ነገር አደረገበት። ገንዘብ እርስ በርሱ ይላላክበት ጀመር። ከተማ ያለው ልጅ ገጠር ላለችው እናቱ ላከ። የኬንያው የስልክ ኩባንያ ሳፋሪኮም ይህን አይቶ በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን ሲጀምር ዋናው ነገር ገንዘብ ወደ ቤት መላክ ሆነ። እንግሊዝ ላይ ያልታየ ነገር ኬንያ ላይ ታየ። አይቢኤምም በ2013 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ላይ የምርምር ቤት ከፈተ። ጉግል በ2019 እ.ኤ.አ. ጋና፣ አክራ ላይ ከፈተ።

“እኛስ ምን አለን?” የሚል ይኖራል። ወጣቶች ይህን ሲሉ እሰማለሁ፣ ያሳዝነኛል። የቡና ምርምር ማዕከሉ፣ መልኮ፣ እኮ እዚሁ ነው! በ1971 እ.ኤ.አ. ፍሬውን እያጠቆረ የሚያረግፈው በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲቢዲ የሚሉት፣ አገራችን ገባ። ቡናው ሊያልቅ ነው ተባለ። የአገር ውስጥም የውጭም ተመራማሪዎች ሆነው ጫካ ገቡ። በበሽታው መሐል ሳይታመሙ የቆሙ ዛፎችን እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ፤ ዘሩን አፍልተው በበሽታው ፈተኑት። ከዚያ የወጡት ዝርያዎች ናቸው ዛሬ 74110፣ 74112፣ 74158 እያልን የምንጠራቸው። 74 ማለት 1974 ነው፤ እናት ዛፉ የተመረጠበት የፈረንጅ ዓመት። መድኃኒቱ ከውጭ አልመጣም። ጫካችን ውስጥ ነበር፤ ግን ጠያቂ ይፈልግ ነበር። ዛሬ የውጭ ቡና ቆዪዎች እነዚህን ቁጥሮች ፓኬታቸው ላይ ይጽፏቸዋል።

በሌላ በኩል የጌሻን ቡና አስቡት። ዘሩ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን ወጣ። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በኮስታሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ። በ2004 እ.ኤ.አ. እዚያ ውድድር አሸነፈና በዓለም ውድ ከሚባሉት ቡናዎች አንዱ ሆነ። ዛፉ የእኛ ነው። “ይህ ዛፍ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለብቻው ቢለቀም ጣዕሙ ምን ይሆናል?” የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ አገር ተጠየቀ። ዋጋውም እዚያ ቀረ።

የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ተመርቋል። ዩኒቨርሲቲያችን ደግሞ የጤና ኢንስቲትዩት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ተማሪውን ወደ ቀበሌ፣ ወደ ገጠር እየላከ ያስተምራል። የጤና ተማሪ ቤት ለቤት ሄዶ ውኃውን፣ ሽንት ቤቱን አይቶ ይመለሳል። ታዲያ የምህንድስና ተማሪው ለምን በዚያው መንፈስ ፋብሪካ ለፋብሪካ አይሄድም? ለሰርተፍኬት ብሎ አንድ ወር ጥግ ተቀምጦ እንዲመጣ አይደለም የምለው። ላይኑ ላይ ቆሞ የትኛው ማሽን በመብራት መዋዠቅ እንደሚቃጠል፣ ሠራተኛዋ የትኛውን ክፍል በካርቶን እንደደገፈችው መዝግቦ ይመለስ። ያ ካርቶን እኮ የፈጠራ ሐሳብ ነው።

የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆችም እዚህ አላችሁ። አውቃለሁ፣ ከላይ የሚጠየቀው ቁጥር ነው። በወር ስንት ተመረተ፣ ስንት ተላከ። ነገር ግን እናት ኩባንያ የምርምር ኃላፊነትን በስጦታ ሲሰጥ ብዙም አይታይም። ቅርንጫፉ መጀመሪያ ሳይጠየቅ አንድ ነገር ይፈታል። ይጽፈዋል፣ ይልከዋል፣ ይከራከርበታል። “እስቲ ይህንንም መርምሩልን” የሚል ጥያቄ ከላይ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እባካችሁ ሠራተኛው ያስተካከለውን ነገር ከነስሙ ጻፉለት። ብዙ አያስወጣም።

ውል የምትፈርሙ የመንግሥት ኃላፊዎች ደግሞ አንድ አንቀጽ አትርሱ። እዚህ የተገኘ አዲስ ነገር የማን ነው? የሠራው ልጅ ስሙ ይጻፋል ወይስ አይጻፍም? ይህ ካልተጻፈ የምርምር ማዕከል የሚል ታፔላ ቢሰቀልም የእኔ ታሪክ ይደገማል። እነዚያ እናት ዓይናቸውን አበድረው ምንም አላገኙም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን አንድ ሥራ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኪሎ ደረቅ ቡና አለ። ከዚሁ አካባቢ የተገዛ ነው። ግማሹ ጤነኛ ነው፣ ግማሹ ከውስጥ የሸተተ ነው፤ በእጅ ተለቅሞ በሁለት ሳህን ተቀምጧል። በተራ የስልክ ካሜራ ሆዱን አይቶ የሚለይ ነገር መሥራት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ፣ ግብርና የምትማሩ፣ ማበጠሪያ ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ከሻይ በኋላ ኑና አብረን እንየው። ደብተርም አለ። የመጣ ሰው መጀመሪያ ስሙን ይጽፋል።

ገለቶማ። አመሰግናለሁ።