ሚዛን የሚጠበቀው ከወገብ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለኝም። ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ ስለቆየ አንድ ጉዳይ፣ ይኸውም የሰውነትን ሚዛን ስለ መጠበቅ እና የሆድ፣ የጀርባና የዳሌ ጡንቻዎች በዚህ ረገድ ስላላቸው ድርሻ ብቻዬን ላወጋችሁ ወድጃለሁ። የስፖርት ባለሙያዎች እነዚህን ጡንቻዎች በአንድነት «ኮር» ይሏቸዋል፤ እኔም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

መውደቅን አቅልለን የማየት ልማድ አለን። አንድ ሰው ሲወድቅ «እኔን ይድፋኝ» ብለን እናነሳዋለን፣ አቧራውን እናራግፍለታለን፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በየዓመቱ 684 ሺህ ያህል ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ሕይወታቸውን እንደሚያጡ፣ ከእነዚህም ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሚገኙ ይገምታል። ለሞት የሚዳርግ አወዳደቅ ከሁሉ በላይ የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ ሰዎች ላይ ነው። ሕይወቱ የተረፈውም ቢሆን፣ የዳሌ አጥንቱ ከተሰበረ፣ እንደ ቀድሞው ወጥቶ ለመግባት ብዙ ወራት ይፈጅበታል፤ አንዳንዱም ከዚያ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ መንቀሳቀስ አይችልም።

ቀጥ ብለን ለመቆም የሚያስፈልገንን መረጃ አንጎላችን የሚያገኘው ከዓይናችን፣ ከውስጥ ጆሯችን እንዲሁም በእግራችንና በመገጣጠሚያዎቻችን ካሉ ነርቮች ነው። መረጃው ትክክል ሆኖ ሳለ ግን ትእዛዙን የሚፈጽም ጡንቻ ከደከመ ሰውነት መንገዳገዱ አይቀርም። ራሳችን፣ እጆቻችን፣ ደረታችንና ሆዳችን አንድ ላይ ሲደመሩ ከጠቅላላ ክብደታችን ከግማሽ በላይ ይሆናሉ፤ ይህ ሁሉ ጭነት በሁለቱ እግሮቻችን ላይ ተረጋግቶ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ደግሞ ኮር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ጤነኛ ሰው እጁን በፍጥነት ሲያነሳ፣ ሆድን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚጠቀልለው ጥልቅ ጡንቻ ከእጁ ጡንቻ ቀድሞ እንደሚሠራ አሳይተዋል። የወገብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይኸው ጡንቻ ዘግይቶ ነበር የሚነሳው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ በጣም ተገርሜያለሁ፤ ምክንያቱም ሰውነታችን ገና ከመንቀሳቀሱ በፊት ራሱን ከመውደቅ ለመጠበቅ ይዘጋጃል ማለት ነው።

እንግዲህ ኮርን ማጠንከር ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ሲት አፕን፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ ደረትን ወደ ጉልበት እያነሱ መመለስን ነው። ለሚዛን ሲባል ግን ሲት አፕን አልመርጥም። የኮር ዋነኛ ሥራ እጅና እግር ሲንቀሳቀሱ ወገብ እንዳይጣመምና እንዳይዞር አጽንቶ መያዝ ስለሆነ፣ ልምምዱም መያዝን የሚያስተምር ሊሆን ይገባል። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የጀርባ አጥንት ተመራማሪ የነበሩት ስቱዋርት ማክጊል ከሚመክሯቸው ልምምዶች መካከል የጎን ፕላንክ (በጎን ሆኖ በክርን ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ) አንዱ ሲሆን፣ እኔ ይበልጥ የምወደው ግን ሌላኛውን፣ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ የሚሠራውን ነው። ቀኝ እጅ ወደ ፊት፣ ግራ እግር ወደ ኋላ በቀስታ ይዘረጋል፤ ከ10 ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ተይዞ ይመለስና ጎን ይቀየራል። በትክክል መሠራቱን ለማወቅ ግማሽ ድረስ ውኃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ ወገብ ላይ አስቀምጡ። እግራችሁን ከዳሌያችሁ ከፍታ በላይ ስታነሱ ወገባችሁ ይጎደጉዳል፣ ዳሌያችሁም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ኩባያውም ይንሸራተታል። እግሩን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ትንፋሻችሁን ሳትይዙ፣ ሆዳችሁን ጠበቅ ስታደርጉ ግን ኩባያው ባለበት ይረጋል። መሬት ላይ መንበርከክ ለሚከብደው ሰው ይህንኑ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ መሥራት ይቻላል።

ይሁን እንጂ በምንጣፍ ላይ የሚሠራ ልምምድ ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሠልጣኞችን አስተያየት አልቀበልም። ሰው የሚወድቀው ቆሞ ሲሄድ፣ ሲዞርና ደረጃ ሲወርድ ስለሆነ፣ የጠነከረው ኮር ቆሞም መለማመድ አለበት። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ለአረጋውያን የተዘጋጀው የቤት ውስጥ ልምምድ የእግር ጡንቻን ማጠንከርን፣ ቆሞ ሚዛን መጠበቅን እና የእግር ጉዞን አንድ ላይ ያካተተ ሲሆን፣ የመውደቅን ብዛት በሲሶ ገደማ መቀነሱ ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል።

እናቴ ቅዳሴ ላይ ለሰዓታት መቆም የለመደች ሴት ናት። ዕድሜዋ ሲገፋ ግን በቤት ውስጥ እንኳ ግድግዳውን እየዳሰሰች መሄድ ጀመረች፤ ደክሟት እንደሆነ ስጠይቃት «ኧረ አልደከመኝም፤ እንዳልወድቅ ፈርቼ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። ይህ ፍርሃት ራሱ አደገኛ ነው፤ የፈራ ሰው እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፣ እንቅስቃሴ የቀነሰ ጡንቻም ይደክማል፣ ድካሙም ፍርሃቱን ያባብሰዋል። ስለዚህ ከፍርሃቷ ጋር ሳንጣላ ጀመርን። ጀበናው እስኪፈላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በሁለት እጅ ይዛ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣቶች ፊት አስጠግታ ትቆማለች፤ ሲቀላት አንድ እጇን ትለቃለች፣ ቀጥሎም በጣቷ ጫፍ ብቻ ጠረጴዛውን ትነካለች። አሁን አንድ እግሯን አንስታ ትቆማለች፤ እኔም ከጎኗ አልጠፋም።

ለመጀመር የምታስቡ አድማጮች ሁሉ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ለዩ። አልጋ ላይ ስትገላበጡ ቤቱ የሚዞርባችሁ ከሆነ ችግሩ የውስጥ ጆሮ ሊሆን ይችላልና በኮር ልምምድ አይፈታም። ከመቀመጫ ስትነሱ የሚያጥወለውላችሁ ደግሞ፣ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ሐኪማችሁን አማክሩ። የአጥንት መሳሳት ያለባችሁም ወገብን ወደ ፊት አጥብቆ የሚያጎብጥ ልምምድ አትሥሩ። እግራችሁ በድንገት የሰነፈባችሁ ወይም የደነዘዘባችሁ እንደሆነ ግን ልምምዱን ትታችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።