አይቲ ተምሬ የሳይበር ደህንነት ሥራ እገባለሁ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከኮዬ ፈጬ የደወለች አድማጭ፦ አይቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ለሳይበር ደህንነት ዲፓርትመንት ልቀይር?

ኧረ አትቀይሪ እህቴ፣ ጨርሺ። ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት የለም። ኔትወርክ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዳታቤዝ ተምረሻል አይደል? የደህንነት ባለሙያም የሚሠራው እነዚሁ ላይ ነው። ፖርት 22 ከርቀት ወደ ሰርቨር መግቢያ መሆኑን የማያውቅ ሰው፣ ሌሊት በዚያ በር መቶ ጊዜ የተሞከረ የይለፍ ቃል በሰርቨሩ መዝገብ (ሎግ) ላይ ቢያይ ምንም አይገባውም። የሚቀርሽ ምስጠራ (መረጃን ሌላ ሰው እንዳያነበው በኮድ መቀየር)፣ የጥቃት ምርመራና ሕጉ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽን በዚያ ላይ ሥሪ።

ከለገጣፎ፦ ልጄ ሒሳብ አይወድም፣ ሳይበር ይሆነዋል?

ምስጠራ ሒሳብ ነው አባቴ። ከአሁኑ አስጠኚ ይፈልጉለት።

ከሰበታ፦ ከቴሌግራም ቻናል ባወረድኩት መሣሪያ የጎረቤት ዋይፋይ እየሰበርኩ እለማመዳለሁ። ቀጥሎ ምን ልማር?

ምንም። ዛሬውኑ አቁም፣ ወንድሜ። ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም አይነካም፤ ስንቴ አልኩ! የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ብቻውን እስከ 3 ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣል። ምንም ባትሰርቅም፣ «ልምምድ ነው» ብትልም። ደግሞ ያን ፋይል ማን እንደሠራው ታውቃለህ? ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ላፕቶፑን ይዞልኝ መጣ። ያወረደው መስበሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረስ አጥፋ» ብሎት አጥፍቷል። የእሱ ብቻ ሳይሆን በዚያው ላፕቶፕ ትጠቀም የነበረችው የእህቱም የይለፍ ቃል ተወስዷል። ልጁ አፍሮ ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም ነበር። መለማመድ ከፈለግክ በኮምፒዩተርህ ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር የሚያስነሳውን ቨርቹዋል ቦክስ ጫን። የደህንነት መፈተሻ መሣሪያዎች የተጫኑበትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ካሊ ሊኑክስን፣ ከራሱ ድረ ገጽ አውርድ፣ ነፃ ነው። ሆን ተብሎ ክፍተት የተተወበት ሜታስፕሎይተብል የሚባል ማሽን አለ፣ እሱንም ጨምርና አንዱን በሌላው አጥቃ። 8 ጊጋ ራም ይበቃሃል። የራስህን ስበር፣ የሰው አትንካ።

ከሱሉልታ፦ የ3 ወር ኮርስ ዲግሪ ይተካል?

አይተካም። ዲግሪው ላይ ሲደረብ ግን ይጠቅማል።

ከገላን፦ የቴሌግራም አካውንቴ ተጠልፎ በስሜ ብር እየተጠየቀበት ነው።

አይዞሽ። ስልክሽ ላይ አሁንም የሚከፈት ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስ» የሚለውን ክፈቺና በአካውንትሽ የገቡትን ሌሎች ስልኮችና ኮምፒዩተሮች አስወጪ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከሚላክልሽ ኮድ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሪ። ለዘመዶችሽ ደውለሽ ንገሪ። መልእክቶቹን እንዳታጠፊ፣ ስክሪንሾት አንሽና ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።