ኮርቻው ለሁለት ነው

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ።

አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ፣ ከወልድያ የመጣችሁ ሞተረኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ነገ ጠዋት ወደ ላሊበላ እንወጣለን። ከጉዞ በፊት ባለው ምሽት አንድ ሰው ይናገር የሚለው ልማዳችን ነውና ዘንድሮ ተራው ደርሶኛል። ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ «የረጅም ጉዞ ሞተሮች፣ ባለ ሦስት ጎማዎችና ፓወር ክሩዘሮች» ይላል። ልጆቹ በስልካቸው የሚያዩትን እንዳስረዳቸው ፈልገው ነው። አስረዳለሁ። ግን ይዤ የመጣሁት አንድ ጉዳይ አለ። ከኋላችን የሚቀመጠው ሰው ጉዳይ ነው።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በጋራዡ ነው። ከጋራዡ በፊት የክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። ኩታበርን፣ ደላንታን፣ ወረኢሉን ያዳረስኩት በያማሃ ኤጂ 100 ነው። ኤጂን የሚያስታውሱ ጋሼዎች እዚህ አሉ። የእርሻ ሞተር ናት። ካቴናዋ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ስለሆነ ጭቃ አይደርስበትም። መቆሚያዋ በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ የትኛውም በኩል ታቆማታለህ። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። የክትባቱን ሳጥን ከኋላ አስሬ ስንቱን ገደል ወጥቼባታለሁ። ለሥራ እንዲህ ያለች ሞተር አላየሁም።

ኮርቻዋ ግን ለአንድ ሰው ነው። ኋላዋ ለዕቃ ነው። ይህን እያወቅሁ አንዷን ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ገዛኋትና ባለቤቴን ከኋላ አፈናጠጥኩ። ብረቱ ላይ ጋቢ አጥፈን አነጠፍን። እግሯን የምታሳርፍበት መርገጫ አልነበረም። ሄልሜት አንድ ነበረን። እኔ ነበርኩ የማደርገው።

ጥር 1996 ዓ.ም. ነው። ኮምቦልቻ ሠርግ ተጠርተናል። ሃረጎን ታውቁታላችሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። አየሩ እየሞቀ፣ ጆሮህ እየተደፈነ፣ ኩርባው እየተከታተለ ነው የሚወስድህ። ባለቤቴ አዲስ ነጠላ ለብሳለች። ወደ ጎን ነው የተቀመጠችው፤ እንደ ሴቶቻችን ወግ። አንድ ኩርባ ላይ የሆነ ነገር ጎተተኝ። ሞተሯ ከኋላ ተያዘች። ስዞር ከኋላዬ ሰው የለም።

ነጠላው የኋላ ጎማ ራጅ ውስጥ፣ ሽቦዎቹ መካከል ማለት ነው፣ ገብቶ ጎትቷት ነው። አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ከኋላችን አይሱዙ ይመጣ ነበር። ሹፌሩ ነቅቶ ስለነበር ዳር ይዞ ቆመ። አላህ ይስጠው፣ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም። የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ። ጭንቅላቷ ተፈነከተ። እኔ አንድም ጭረት አልነበረኝም። ሄልሜቱ ራሴ ላይ ነበር። ያን ቀን ሄልሜቴን አውልቄ ሳያት ራሴን የጠላሁትን ያህል ጠልቼ አላውቅም። እሷ ደሟ እየወረደ «አብሽር፣ ደህና ነኝ» ትለኛለች። እኔን ነው የምታጽናናው።

ዛሬ እዚህ ከፊት ተቀምጣለች። ይህን እንድናገር የፈቀደችልኝ እሷ ናት።

ወደ ትልልቆቹ ሞተሮች ልምጣ። እኔ እነሱን ያወቅኋቸው በስልክ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ነው። ከአውሮፓ የመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ከላሊበላ ሲወርዱ የሞተራቸው የሻንጣ ማቀፊያ ብረት ተሰብሮ ጋራዤ መጡ። ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ ናት። ሲሊንደሮቿ በግራና በቀኝ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ካቴናዋን ብፈልግ አጣሁት። ለካ ካቴና የላትም። ኃይሉ ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው እንደ መኪና በዘንግ ነው። ቢኤምደብሊው እንዲህ ሲሊንደራቸው በግራና በቀኝ የወጣ ሞተሮችን ከመጀመሪያው፣ ከእ.ኤ.አ. 1923 ጀምሮ በዚህ መንገድ ሲሠራ ነው የኖረው። ዘይት መቀባት የለ፣ ማጥበቅ የለ። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው።

ብረቱን በየድኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሴትዮዋ ቡና ጠጣች፣ አቦሉንም በረካውንም። ሊሄዱ ሲሉ ሰውዬው ጎንበስ አለና ከኮርቻው ሥር ያለች ክብ እጀታ ብዙ ጊዜ አዞረ። ምን እያደረግህ ነው አልኩት። የሚያስተረጉምልን ተማሪ ነበር። «አሞርዛተሩን እያጠበቅሁ ነው፤ ለሷ ነው» አለ። የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደውን ማለቱ ነው። ብቻዬን የሄድኩ እንደሆነ አላላዋለሁ፣ እሷ ስትቀመጥ አጠብቀዋለሁ አለ። ከዚያ ሁለቱም ሄልሜታቸውን አደረጉ። በሄልሜታቸው ውስጥ መነጋገሪያ አላቸው። እሷ ወጣች፤ መርገጫው ላይ እግሯን አደላደለች፤ ጀርባዋን መደገፊያው ላይ አሳረፈች። ሰውዬው ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። ትከሻውን መታ መታ እስክታደርገው ድረስ ማርሽ አላስገባም።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ሃረጎ ላይ ምን እንዳጠፋሁ ያን ቀን ነው ቁልጭ ብሎ የታየኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ስለነዚህ ሞተሮች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት። የሆንዳ ጎልድ ዊንግን ታሪክ ስሙኝ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ አራት ሲሊንደር ያለው፣ 1000 ሲሲ የሚጠጋ ትልቅ ሞተር ነበር። የንፋስ መከላከያ አልነበረውም። ሻንጣም አልነበረውም። ሰዎች ገዝተው ራሳቸው የንፋስ መከላከያ ገጠሙለት። ሻንጣ ሠሩለት። ሚስቶቻቸውን አስቀምጠው አገር አቋረጡበት። ፋብሪካው ይህን አይቶ ነው በ1980 ሻንጣውንና የንፋስ መከላከያውን ራሱ ገጥሞ መሸጥ የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ያለው እድገት አይቆምም። በ1988 ስድስት ሲሊንደር ሆነ፤ ከባድ ስለሆነም ወደ ኋላ የሚሄድበት ዘዴ ተሠራለት። በ2006 ሞዴል ኤርባግ ተገጠመለት፤ ለገበያ በሚመረት ሞተር ሳይክል ላይ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ 1833 ሲሲ ነው። ለጉዞ የተሠራውን ስታየው የኋላው ወንበር የሳሎን ሶፋ ይመስላል። የጀርባ መደገፊያ አለው። ወንበሩ ይሞቃል። የኋለኛው ሰው ሙዚቃ የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ ሳይቀር አለ።

ልብ በሉልኝ። ይህን ያመጣው አሽከርካሪው ነው። እኛም እኮ እንገጥማለን! ፖርቶ መጋላ እንበይዳለን። ለጄሪካን ብረት እንሠራለን። ለበግ ማሰሪያ እንሠራለን። እኔ ራሴ ለስንቱ ሠርቻለሁ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ግን ጋራዤ መጥቶ «ለሚስቴ የእግር መርገጫ ሥራልኝ» ያለኝ ሰው በአንድ እጄ ጣት ይቆጠራል። ይልቁንስ «መርገጫው ጭነቱን ከለከለኝና ቁረጥልኝ» የሚለኝ ይበዛል። ከእንግዲህ አልቆርጥም። ገንዘብህን ይዘህ ሂድ!

በጦርነቱ ጊዜ፣ በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስንት ነፍስ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እናት፣ ልጅ፣ ታማሚ። ያን ቀን ማንም ሞተረኛ ስለ ሞተሩ ጉልበት አላወራም። ከኋላ ስለያዘው ሰው ነበር የሚጨነቀው። ያ ጭንቀት በሰላም ቀን የት ይሄዳል? ወገኔ ብለህ ከኋላ አስቀምጠሃት፣ ሄልሜቱን አንተ ብቻ ስታደርግ ለሷ ምን እያልካት ነው? የእኔ ጭንቅላት ካንቺ ይበልጣል እያልካት ነው! ከዚህ ሌላ ትርጉም ካለው ንገሩኝ። እኔ ሃያ ዓመት ፈልጌ አላገኘሁለትም።

ፓወር ክሩዘር ደግሞ ወጣቶቹ የሚወዱት ነው። ገባኝ፤ ያምራል። ዝቅ ያለ ኮርቻ፣ ረዘም ያለ አካል፣ ሰፊ የኋላ ጎማ፣ ብዙ ጉልበት። የትራየምፍ ሮኬት 3 ሞተር 2458 ሲሲ ነው። ደሴ ላይ ከምናየው ባለ አንድ ሊትሩ ቪትዝ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው፤ ያውም በሁለት ጎማ ላይ። የሚገርመው ግን ፍሬኑ ነው። ያን ጉልበት የሰጡት ሰዎች ከፊት ሁለት ትልልቅ ዲስክ አስቀምጠውለታል። ጉልበት ሲጨምሩ መያዣውንም ይጨምራሉ። ዱካቲ ዲያቬል ላይ ደግሞ የኋላው ወንበር በክዳን ይሸፈናል፤ መርገጫዎቹም ታጥፈው ይደበቃሉ። ብቻህን ስትሆን ብቻህን ነህ። ሰው ሲመጣ ክዳኑን ታነሳለህ፣ መርገጫውን ትዘረጋለህ፣ ከኮርቻው ሥር የእጅ መያዣ ትስባለህ። እንዲያ ለጉራ የሚገዛ ሞተር እንኳ ለኋለኛው ሰው ቦታ አዘጋጅቷል።

ባለ ሦስት ጎማውን ብዙ አላራዝምም፤ ባጃጅ ያለው ሁሉ ግን ይስማኝ። የውጮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ሃርሊ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ሞዴል ያወጣው ትራይ ግላይድ ሁለቱ ጎማ ከኋላ ነው፤ እንደኛ ባጃጅ። ከባድ ሞተር ቆሞ በእግር መያዝ ለማይችል ሰው ጥሩ ነው። የካናዳው ካን አም ስፓይደር ግን ሁለቱን ጎማ ወደ ፊት አመጣ። ለምን? ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየያዝክ ስትታጠፍ ክብደቱ ወደ ፊትና ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። ባጃጅ እዚያ ጥግ ላይ ጎማ የለውም። ሃረጎ ላይ የሚገለበጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ባጃጅ የያዛችሁ ኩርባው ሳይደርስ ቀንሱ። ኩርባው ውስጥ ገብታችሁ ፍሬን አትርገጡ። ሦስት ሰው ከኋላ ይዛችኋል።

ለሁለት ጎማዎቹ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ልናገር። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ ፊቱ ይቀላል፣ መሪው ይላላል፣ መብራቱም ቀና ብሎ የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል። የኋላ አሞርዛተራችሁ ሥር የሚዞር ጥርስ ያለው ቀለበት ካለ አጥብቁት። የኋላ ጎማ ትንሽ ይነፋ። ፍሬን ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ቁልቁለት ላይ በከባድ ማርሽ ውረዱ። ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ማለት ነው፣ እግር እንዳይጠብስ መከለያው ይታሰር። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሒጃብ ይሰብሰብ፣ ከወገብ በታች የሚንጠለጠል ነገር አይኑር። ወደ ጎን መቀመጥ በቃ። ሱሪ ከቀሚስ ሥር ይለበስ፤ እናቶቻችን በበቅሎ ሲሄዱ እንደሚያደርጉት።

ነገ ከውጫሌ በኋላ መርሳ ላይ እንቆማለን። ከወልድያ በላይ ድልብ ላይ ጉም ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ መብራት አብሩ። ማንም ማንንም አይቅደም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ኮሚቴውን አስፈቅጃለሁ። ነገ ከኋላው ሰው አስቀምጦ ሁለተኛ ሄልሜት የሌለው ከሰልፉ ይወጣል። ማንም ይሁን ማን፣ ጋሼም ቢሆን። ሁለተኛ ሄልሜት የሌላችሁ እጃችሁን አታውጡ፣ አላሳፍራችሁም። ጋራዤ ዛሬ ሌሊቱን ክፍት ነው። አሥራ አንድ ሄልሜት አለኝ፤ አውሼ እሰጣለሁ፣ ስንመለስ ትመልሱልኛላችሁ። መርገጫ የተቆረጠባችሁም አሁኑኑ ይዛችሁ ኑ፤ መበየጃው ተዘጋጅቷል፣ ዋጋ የለውም።

መነሻችን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። እኔ ከኋላ ነኝ፤ የመጨረሻው ሞተር። ባለቤቴም ከኔ ጋር ትሄዳለች። ትከሻዬን መታ ስታደርገኝ እንነሳለን።